በቅባት እጅ መንካት ክልክል ነው

ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሰው፣ ከበር ጠባቂው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «ጋሽ ኦክስጅን» ነው የሚላቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ለፌዝ ነበር፤ ሰውየው ስለ ኦክስጅን ማውራት ከጀመሩ አጠገባቸው ያለ ሁሉ ትንፋሽ ያጥረዋል ለማለት። እሳቸው ግን ፌዙን እንደ ማዕረግ ተቀብለው ደረታቸውን ነፉበት። «እኔ ባልኖር የስንቱ በሽተኛ ትንፋሽ በተቋረጠ!» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ሥራቸው የጋዝ ሲሊንደር ማከማቻ ኃላፊነት ነው፤ የሚያደርጉትም ሙሉውን ከባዶው ለይቶ ማስደርደርና ገዢውን ማድከም ነው።

ማከማቻው ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎኑ ሽቦ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። ሲሊንደሮቹ በሰንሰለት ታስረው፣ ትከሻቸው እንደየጋዛቸው ቀለም ተቀብቶ ተሰልፈው ይቆማሉ። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ኦክስጅን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመካከላቸው ሲያልፉ፣ ሲሊንደሮቹ ሰላምታ እንዲሰጧቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ። በሩ ላይ ራሳቸው በቀይ ቀለም የጻፉት ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «ዘይት፣ ግሪስ ወይም ማናቸውም ቅባት በነካው እጅ የኦክስጅን ዕቃ መንካት ክልክል ነው። ኃላፊው።» «ኃላፊው» የምትለዋ ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ገዝፋ ነው የተጻፈችው።

ዕውቀታቸውን ያገኙት ድሮ የመሙያ ማሽኑን ሊተክል ከመጣ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ሄደ፤ እሳቸው የተናገረውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ በቃላቸው ይዘው ቀሩ። ሰውን የሚያናድደውም የሚሉት ሁሉ ትክክል መሆኑ ነው። የሚሳሳት ሰው ይታረማል፤ ልክ የሆነን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ?

አንድ በያጅ አርጎን ሊወስድ ቢመጣ፣ ወስዶ ውልቅ ማለት የለም።

«አርጎን ምን ይሠራልሃል?» ይሉታል ሰንሰለቱን እንደያዙ።

«ለአሉሚኒየም ብየዳ ነዋ ጋሼ። መስኮት እየሠራሁ ነው።»

«ምን ትሠራበታለህ አላልኩም። እሱ ምን ይሠራልሃል ነው ያልኩት።»

በያጁ ፀጉሩ የሸበተው በዚሁ ሥራ ነው። ነገር ግን ካልመለሰ ሲሊንደሩ እንደማይለቀቅለት ስለሚያውቅ ጥርሱን ነክሶ፣ «የቀለጠውን ብረት አየር እንዳይደርስበት ይከልልልኛል» ይላል።

«ጎሽ! አርጎን ሰነፍ ጋዝ ነው። ከማንም አይዋሃድ፣ ከማንም አይጣላ። ልክ እንደ ሚስቴ ወንድም፤ አጠገብህ ቁጭ ይላል፣ ምንም አይሠራም። ግን በዝግ ቤት ቢያመልጥህ አየሩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፣ ሳታውቀው ትወድቃለህ። የሚስቴ ወንድምም እንደዚሁ ነው።»

ዘመድ አዝማዱን ሁሉ እንዲህ በጋዝ መድበው ጨርሰዋል። አማታቸው አሴቲሊን ናቸው፤ አሴቲሊን ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይቀመጥምና፣ «ቀና አድርገህ ካልያዝካቸው ጣጣ ነው» ይላሉ። ከለስላሳ ፋብሪካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጭን የሚመጣው ሾፌር ደግሞ የትምህርቱን ሰዓት አጥንቶ፣ እሳቸው ምሳ ሲወጡ ነው የሚመጣው።

ሪዛቸውን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይላቸዋል። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጫፍና ጫፉ ሾሎ ወደ ላይ የታጠፈ ሪዝ ነው። እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በተፈጥሮው አይደለም፤ በቫዝሊን ነው። ትንሿ የቫዝሊን ቆርቆሮ ከደረት ኪሳቸው አትለይም። ሲናገሩ ቀኝ እጃቸው ወደ ቀኙ ጫፍ፣ ግራ እጃቸው ወደ ግራው ጫፍ ተራ በተራ ይሄዳል፤ ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ። ቫዝሊን ቅባት መሆኑን ቢጠየቁ አይክዱም ነበር። ማንም ግን አልጠየቃቸውም፤ ማስታወቂያውንም ለሌላ ሰው ብለው ነው የጻፉት። ያን ሁሉ ዘመን ጉድ ሳይፈላ የኖረው ጋሽ ኦክስጅን ዕቃ በእጃቸው የመንካት ልማድ ስላልነበራቸው ብቻ ነው። እሳቸው በጣት ይጠቁማሉ፤ የሚሠራው ሌላ ነው።

ከሚሠሩት ዋናዋ ሲሊንደሮቹን የምትሞላው ሴት ናት። ዓይኗ ከግፊት መለኪያው፣ ከጌጁ፣ ስለማይነቀል «እሜቴ ጌጅ» ይሏታል። ቁጥብ፣ ግን ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ። ጋሽ ኦክስጅን ለአዲስ ተቀጣሪ፣ «ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ያነድዳል። በግፊት ሲወጣ ጠብታ ቅባት ካገኘ ክብሪት እንኳ አይፈልግም» ብለው ሲያስተምሩ፣ እሷ ከማሽኑ ሳትዞር፣ «እንግዲህ ራሱ ሳይነድ ሰው የሚያነድ እዚህ ግቢ ሁለት አለን» ትላለች። እሳቸው ሁለተኛው ማን እንደሆነ ዞር ብለው ይፈልጋሉ።

ቤታቸውም ያው ነው። ሚስታቸው ሳሎኑ ጥግ ላይ ልብስ ትሰፋለች። እሳቸው ከሥራ ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ስለ ናይትሮጅን ይጀምራሉ፤ እሷ «እህ» እያለች ፔዳሉን ትረግጣለች። አንዳንዴ እሷም የምትነግራቸው ነገር ይኖራታል። «ዛሬ እኮ አንዲት ሴትዮ መጥታ...» ስትል፣ «ሴትዮ ስትይ ትዝ አለኝ፣ ዛሬ ከሆስፒታል አንዲት ገዢ መጥታ ሂሊየም የት ይገባል ብትለኝ...» ብለው ከአፏ ይነጥቁታል። ሴትዮዋ ለምን እንደመጣች ሳይነገር ይመሻል።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ የሥራ ላይ ደህንነት ቀን እናክብር አለ። ሥራ አስኪያጁ ገና ጎልማሳ ነው፤ ፎቶ መነሳት ይወዳል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ጋብዟል፣ ካሜራ የያዘ ጋዜጠኛም ጠርቷል። ለእንግዶቹ የጋዞቹ ባሕርይ በትርኢት እንዲታይ ፈለገ። ማን ያሳይ ሲባል የሁሉም ዓይን ወደ እሜቴ ጌጅ ዞረ።

«እሷ ትችላለች፤ ግን እንግዳ ፊት አፏን አታጣፍጥም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጋሽ ኦክስጅን ይሁኑ። አፋቸው ማር ነው።»

ጋሽ ኦክስጅን የልብ ልብ ተሰማቸው።

«ጥሩ» አለች እሜቴ ጌጅ። «እርስዎ ያውሩ፤ መግጠሙንና መክፈቱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«እኔ አውርቼ አንቺ ልትገጥሚ? እኔ ምንሽ ነኝ፣ ሬዲዮ?»

እሷም የሥራ አስኪያጁን ፊት አይታ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

በዕለቱ ጠዋት ሚስታቸው ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ሰጠቻቸው። «እባክህ እጅህን ታጠብ፤ ጣትህን ደግሞ እንደ ማኅተም እንዳታሳርፍበት» አለቻቸው። ታጠቡ። በሳሙና፣ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ከዚያ ግቢው በር ላይ ደርሰው ጋዜጠኛው ካሜራውን ሲያስተካክል ሲያዩ፣ ቆርቆሮዋን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሪዛቸውን አደሱት።

አጀማመሩ ግሩም ነበር። በግቢው መሃል ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ እንግዶቹ በወንበር ተደርድረዋል። ጋሽ ኦክስጅን አንድ ቀይ አበባ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክረው አወጡና በመዶሻ ነካ አደረጉት። አበባው እንደ ብርጭቆ ረገፈ። «እኛ ቀኑን ሙሉ የምንተነፍሰው አብዛኛው አየር ይሄው ናይትሮጅን ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይኸውላችሁ!» ተጨበጨበ። ቀጥለው የተለኮሱ ሻማዎች ያሉበት ሳህን ላይ ከባዶ ማሰሮ አየር የሚቀዱ መስለው ማሰሮውን ዘነበል አደረጉ፤ ሻማዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ማሰሮው ባዶ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት እንደነበረ፣ ከአየር ስለሚከብድም እንደ ውሃ ወደ ታች እንደሚፈስ ሲገልጹ፣ ከእንግዶቹ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ኦክስጅን አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ።

ነገር የተበላሸው በሂሊየሙ ነው። እሳቸው ሂሊየም በሆስፒታል ትልልቅ ማሽኖችን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ በክብር ሲያስረዱ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ወፍራም ኃላፊ ለጌጥ ከታሰሩት ፊኛዎች አንዱን ፈታና ከአፉ ላይ አድርጎ ሳብ አደረገ። «ክቡራንና ክቡራት!» አለ፤ ድምፁ የጫጩት ሆኖ ወጣ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጋዜጠኛው ካሜራውን ወደ እሱ አዞረ። ሁሉም ፊኛ ካልፈታሁ አለ። ጋሽ ኦክስጅን ዓረፍተ ነገራቸውን በመሃሉ ይዘው ክው ብለው ቀሩ። የሚያዳምጣቸው አንድም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን እልህ ተናነቃቸው። ለኦክስጅኑ የተዘጋጀችው እሜቴ ጌጅ ቀድማ ገጥማ ያስቀመጠቻት ትንሽ ሲሊንደር ነበረች፤ ጫፏ ፍም የያዘች አንዲት እንጨት ቦግ እንድትል ብቻ። «ይቺን ተዉአት!» አሉ። «ትልቁን አምጡ! አዲሱን ሬጉሌተርም ስጡኝ! እዚሁ ፊታችሁ ነው የምገጥመው!»

«ጋሼ፣ ጓንት» አለች እሜቴ ጌጅ።

«በጓንት ጣት አይታይም!»

እንግዶቹ ዞር ማለት ጀመሩ። ጋሽ ኦክስጅን የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ሬጉሌተር በባዶ እጃቸው ይዘው፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አፉን በአውራ ጣታቸው አቧራ እንደሚጠርግ ሰው አሹት። ገጠሙት። አንድ ጊዜ ወደ ካሜራው አይተው ሪዛቸውን ጠመዘዙ፤ ከዚያ፣ «አሁን ደግሞ የጋዞች ሁሉ ንጉሥ!» ብለው፣ በዝግታ መከፈት ያለበትን ቫልቭ በአንድ ጊዜ ቧ አድርገው ከፈቱት።

ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሬጉሌተሩ ጎን እንደ በያጅ መብራት ዓይን የሚያጠፋ ነጭ እሳት ተፈናጥሮ ወጣ። የሰው ወንበር ተገለባበጠ፤ ፊኛው ሁሉ ወደ ሰማይ አመለጠ። የጋሽ ኦክስጅን ሪዝ ግራና ቀኙ እኩል እንደ ጧፍ ነደደ። እሜቴ ጌጅ በጓንቷ ዘላ ቫልቩን ዘጋችው፤ እሳቸውንም በነጭ ሸሚዛቸው ኮሌታ ጎትታ፣ ማሰሮውን ለመጠቅለል ባመጣችው እርጥብ ፎጣ ፊታቸውን ሸፈነች። የምትለው ስድብ በካሜራው ተቀርጿል፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

ከእሳቸው በቀር የተጎዳ አልነበረም። እሳቸውም ከንፈራቸው፣ ቅንድባቸውና ቀኝ እጃቸው ነው የተቃጠለው። ሆስፒታል ሲደርሱ ከንፈራቸው አብጦ አንድ ቃል መናገር አቅቷቸው ነበር። አልጋቸው አጠገብ ሲሊንደር ቆመ፣ ጭንብል አፋቸው ላይ ተደረገ፣ አንዲት ወጣት ነርስም ጎንበስ ብላ እንደ ሕፃን ታባብላቸው ጀመር።

«አይዞዎት አባባ፣ እንዳይፈሩ። ይሄ ኦክስጅን ይባላል። እሺ? ለመተንፈስ የሚረዳ ነገር ነው። አየር ማለት እኮ በሙሉ ኦክስጅን ነው።»

በሙሉ! ጋሽ ኦክስጅን ራሳቸውን ወዘወዙ። ጣታቸውን አንስተው ከአምስት አንዱ ብቻ መሆኑን ሊያሳዩ ሞከሩ፤ እጃቸው በፋሻ ስለተጠቀለለ የታየው ነጭ ኳስ ብቻ ነው። ነርሷ፣ «ሽንት ቤት ነው?» አለቻቸው። ከዓይናቸው እንባ ዱብ አለ። «በጣም ያማል አይደል?» ብላ ትራሳቸውን አስተካከለች። ስለ ቃጠሎው አልነበረም ያለቀሱት።

ቤት ከገቡም በኋላ ሐኪሙ ከንፈራቸው እስኪድን እንዳይናገሩ አዘዘ። ሚስታቸው ትዕዛዙን ሦስት ጊዜ አስደግማ ሰማች። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሾርባውን በማንኪያ እየሰጠቻቸው ታወራ ጀመር። መጀመሪያ ስለ ገበያና ስለ ጎረቤት ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ሌላው መጣች።

«ያቺ ሴትዮ ለምን እንደመጣች ታውቃለህ? የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በብዛት እንድሰፋ ነበር የጠየቀችኝ። ረዳት ቅጠሪና ቤት ተከራዪ አለችኝ። አንተን ላማክርህ ብዬ ሁለት ቀን ሞከርኩ። ሁለቱንም ቀን ናይትሮጅን አወራኸኝ። ከዚያ ይቅር አልኳት።»

ጋሽ ኦክስጅን ማንኪያውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ አዩአት። አውራ ጣቷን ደግሞ ስታሽ ተመለከቱ።

«ይሄማ ክረምቱን ሙሉ እየደነዘዘኝ ነው» አለች። «ነግሬህ ነበር። አርጎን ትመስያለሽ ብለህ ሳቅህ።»

እንዲህ ስታወራ ሰምተዋት አያውቁም። ሲያስቡት ግን ስታወራ ኖራለች፤ ያልሰሙት እሳቸው ናቸው። በደህናው እጃቸው አውራ ጣቷን ይዘው ማሸት ጀመሩ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ። እሷም ያለ ሪዝ የቀረውን ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አየችና፣ «እውነቴን ነው የምልህ፣ አምሮብሃል» አለች። «ዝም ማለቱ ደግሞ ይበልጥ።»

በዚያው ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ትርኢቱን ያዘዘው፣ ሰውየውንም የመረጠው እሱ ነው።

«ኮሚቴው መርምሮታል ጋሼ። ሬጉሌተሩ ያረጀ ነበር ብሏል። በእርስዎ በኩል ምንም ጥፋት የለም። ትስማማለህ... ይቅርታ፣ ይስማማሉ አይደል?»

ሬጉሌተሩ የዚያን ዕለት ጠዋት ከካርቶኑ የወጣ ነበር። ጋሽ ኦክስጅን ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ግን ሰውየው ብርቱካን ይዞ መጥቷል፣ «ጥፋት የለም» የምትለው ቃልም ጣፈጠቻቸው፤ በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሚስታቸው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብላ አየቻቸውና ሥራዋን ቀጠለች።

ከንፈራቸው ድኖ ወደ ሥራ ሲመለሱ እሜቴ ጌጅን ማሽኑ ላይ አጧት። ግቢ ትጠርጋለች። ያረጀ ሬጉሌተር ለትርኢት አቅርበሻል ተብላ፣ ከመሙያው ተነስታ ውሳኔ እየጠበቀች ነው አሏቸው። ለትርኢቱ ዕቃ ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ያረጀ ዕቃ ከተገኘ ያረጀውን ያመጣ ሰው መገኘት ነበረበት።

ጋሽ ኦክስጅን መጥረጊያዋን አይተው አንገታቸውን ደፉ። እሷም ቀና ብላ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለችና ጠረጋዋን ቀጠለች። ለምሳ እስኪወጡ ድረስ ለአንድ ገዢ እንኳ ትምህርት አልሰጡም፤ በያጁ አርጎኑን ያለ ጥያቄ ተቀብሎ ግራ ተጋብቶ ሄደ። ከምሳ በኋላ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኩ።

እዚህ ላይ ሕሊናቸው ወቅሷቸው ነው ብል ደስ ባለኝ። ሳይወቅሳቸው አልቀረም። የመጀመሪያ ቃላቸው ግን ይሄ ነበር፦

«ያረጀ ሬጉሌተር እንዲያ አይነድም!»

«ምን አሉኝ?»

«ያረጀ ያፈስሳል። ይነጥራል። የመለኪያው መርፌ ይዋሻል። እንዲያ ነጭ ሆኖ ጧ ብሎ አይነድም! እሱ የቅባት ቃጠሎ ነው። ቅባት፣ ግፊት፣ ባንዴ የተከፈተ ቫልቭ! ኮሚቴው ውስጥ ኦክስጅን የሚያውቅ ሰው የለም?»

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፤ በር ክፍት ነው። ቅባት ከሆነ እኮ ቅባቱ ከየት መጣ ይባላል።»

ጋሽ ኦክስጅን እጃቸው በልማድ ወደ ላይኛው ከንፈራቸው ሄደ። የሚጠመዘዝ ነገር አልነበረም።

«ቫዝሊን ነው» አሉ። «የእኔ ቫዝሊን። ከዚህ ጣት ነው የሄደው።» አውራ ጣታቸውንም አንስተው እንደ ማስረጃ አሳዩት። ሥራ አስኪያጁ፣ የኮሚቴው ሪፖርት ተልኳል፣ እንግዶቹ አምነዋል፣ ለምን ራስዎን ያጋልጣሉ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደው፣ በዚያ የጫጩት ድምፅ ባወጣው ኃላፊ ፊት፣ ጠብታ ቅባት በተጨመቀ ኦክስጅን ውስጥ እንዴት እንደሚነድ ከሥሩ አስረዱ። ኃላፊው በመሃል ሰዓቱን ቢያይም አልለቀቁትም። ሲጨርሱ እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ነበር የወጡት።

እሜቴ ጌጅ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። በዚያው ቀን ማከማቻው በር ላይ መጥታ ቆመች።

«አመሰግናለሁ ልበል ወይስ ስለ ሳይንሱ ነው?»

«ስለ ሳይንሱ ነው» አሉ ጋሽ ኦክስጅን። ደግሞም፣ «ጓንት ብለሽኝ ነበር» አሉ። ይቅርታ ማለታቸው ነበር፤ እሷም ገብቷታል።

መሥሪያ ቤቱ እንግዲህ እኚህን ሰውዬ ምን ያድርጋቸው? ቢያባርራቸው ነገሩ ይወራል። ቢያቆያቸው ቫልቭ አጠገብ ናቸው። ስለዚህ ሾማቸው። አሁን «ከፍተኛ የሥልጠና አማካሪ» ይባላሉ። ወንበራቸው የሚሽከረከር ሆኗል። የሥልጠናው ክፍል ከማከማቻው በጣም ርቆ የተሠራ ነው፤ ለማሳያ የቆሙት ሲሊንደሮችም ባዶ ከመሆናቸው በላይ ቫልቫቸው ተነቅሎ ወጥቷል። ሚስታቸው ያቺን ሴትዮ አስጠርታ የዩኒፎርሙን ሥራ ተቀብላ ሁለት ሴቶች ቀጥራለች፤ ሳሎኑ ጠቦ እሳቸው እራት ኩሽና ነው የሚበሉት። እሷ ስትናገር እስክትጨርስ ይጠብቃሉ፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ይጠብቃሉ።

ባለፈው አዲስ ተቀጣሪዎችን ሲያሠለጥኑ የቅባቱ ጉዳይ ላይ ደረሱ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ደርሶ ያውቃል?»

ጋሽ ኦክስጅን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በአንድ ባልደረባዬ ላይ ደርሷል» አሉ። «በጣም የተማረ ሰው ነበር።»

«ሞተ?»

«የለም፣ አልሞተም» አሉ ወንበራቸውን ወደ ሰሌዳው እያዞሩ። «እድገት ነው የተሰጠው። በሉ ጻፉ።»